«አሳየኝ» ማለት «አላምንህም» ማለት አይደለም



የዛሬው ወጌ በሪሞት ስለሚበር ትንሽ አውሮፕላን ነው። «ይኼ ሰውዬ ሥራ ፈታ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። በዚህች አውሮፕላን ሰበብ ቤቴ ውስጥ አንድ ልማድ ለውጫለሁ፤ እናንተም ብትለውጡት ደስ ይለኛል።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ልጄ 13 ዓመት ሲሞላው ከስልኩ ላይ ቀና የሚያደርገው ነገር ብንፈልግ፣ እኔና እናቱ ተማክረን ከፎም የተሠራች የጀማሪ አውሮፕላን ገዛንለት። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ20 ነው። ባትሪው ሲገባባት 1 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። መጫወቻ ብለን ነበር የገዛናት። በኋላ ስንረዳ ግን አሜሪካ ውስጥ ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን በሪሞት የሚበር ነገር ኤፍኤኤ ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ 5 ዶላር ይከፈላል፣ ለ3 ዓመት ያገለግላል። ለመዝናኛ የሚያበር ሰው ደግሞ አጭር የደህንነት ፈተና መውሰድ ይጠበቅበታል፤ ፈተናው በነፃ ነው። ከሬገን ኤርፖርት 15 ማይል ዙሪያ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው። እናም ከከተማው ራቅ ብሎ ያለ አንድ የሞዴል አውሮፕላን ክበብ ውስጥ ተመዘገብን።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሜዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀበሉን። ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ፣ ኮፍያቸው በፀሐይ የነጣ ሰው ናቸው። ሰላምታ ሰጡን፣ ስማችንን ጠየቁን፣ ከዚያ አውሮፕላኗን እያዩ «እስቲ አሳየኝ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ወደ ቀኝ እዘዛት። አሁን ወደ ግራ። አፍንጫዋን ቀና አድርግ። አሁን እኔ ልያዛትና ሪሞቱን አጥፋው፤ ሞተሯ ይቆም እንደሆነ እንይ።»

ከዚያ በፊት የነበረውን ሌሊት መመሪያውን ሳነብ ነው ያደርኩት። አንድም ነገር አልዘለልኩም። ልጄ ፊት እንደ ተማሪ አቁመው ሲፈትኑኝ ደሜ ፈላ። «ጥቁር ስለሆንኩ ነው? እንግዳ ስለሆንኩ ነው? ሌላውንስ እንዲህ ይጠይቁታል?» አልኩ በሆዴ። አሳየኋቸው። ሁሉም ልክ ነበር። አመሰገኑኝ፣ አበረርን፣ ወደ ቤት ተመለስን። እኔ ግን ቂሜን ይዤ ነው የተመለስኩት። ከዚያ በኋላ ክበቡን ተውኩትና ማንም የማይጠይቀኝ ባዶ ሜዳ ፈለግሁ።

አገኘሁም። ለሦስት ወር ያህል እዚያ አበረርን።

በሐምሌ ወር ላይ ከክንፏ ሰርቮዎች አንዷ ተበላሸች። ለማታውቋት፣ ሰርቮ ማለት ሪሞቱ ያዘዘውን ተቀብላ በክንፍና በጅራት ላይ ያሉትን መታጠፊያዎች የምታንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር ናት። ክንፉ ላይ ያሉት ሁለቱ መታጠፊያዎች ኤይለሮን ይባላሉ። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወርዳል፤ አውሮፕላኗም መታጠፊያው ወደተነሳበት ጎን ታዘነብላለች። ወደ ቀኝ ስታዝዛት የቀኙ መነሳት አለበት። የነገሩ ሁሉ ሥር ይኼ ነው።

አርብ ማታ ከሥራ ስገባ አዲሷ ሰርቮ በፖስታ ደርሳ ጠበቀችኝ። ልጆቹ ነገ ካላበረርን ብለዋል። እራቴን እንኳ በወጉ ሳልበላ ካቻቢቴዬን አነሳሁና የቀኙን ለወጥኩ። ስሞክረው ሁለቱም ኤይለሮኖች አንድ ላይ ወደ ላይ ተነሱ። አዲሷ ሰርቮ በተቃራኒው ነበር የምትዞረው። ቀላል ነገር ነው፤ ሪሞቱ ውስጥ የእያንዳንዷን ሰርቮ አቅጣጫ የሚገለብጥ ማስተካከያ አለ። ገለበጥኩ። አሁን አንዱ ሲነሳ ሌላው ወረደ። «ተስተካከለች» ብዬ ተኛሁ።

የገለበጥኩት ግን የቀኙን አልነበረም። የግራውን ነበር።

ገባችሁ? ደህና የነበረውን አበላሽቼ ከተበላሸው ጋር አስማማሁት። አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይወርዳል፤ ለሚያየው ሰው ሁሉም ሰላም ነው። ቀኝ ያልኩት ግራ፣ ግራ ያልኩት ቀኝ መሆኑን ለማወቅ ከአውሮፕላኗ ጀርባ ቆሞ አንዴ ስቲኩን ወደ ቀኝ መግፋት ብቻ ይበቃ ነበር። አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ሥራ ስለነበረች የ5 ዓመት ልጃችንን ይዘናት ሄድን። ሣሩ ላይ ምንጣፍ አነጠፍንላት፣ ብርቱካን ሰጠናት። ልጄ አውሮፕላኗን ይዞ ሊወረውር ሲዘጋጅ ቆም አለና «አባዬ፣ ሽማግሌው ያሉትን እናድርግ? ቀኝና ግራውን ልይልህ?» አለኝ።

«አባትህን አታምነውም እንዴ?» አልኩት።

እየሳቅሁ ነው ያልኩት። ቀልድ እንዳልሆነ ግን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አንገቱን ደፋ። ሮጠና ለቀቃት።

ትንሽ ነፋስ ነበር፤ አውሮፕላኗ ወደ ግራ ጠመም አለች። ወደ ቀኝ ሰጠኋት። ይበልጥ ወደ ግራ ጠመመች። ሙሉ ቀኝ ሰጠኋት። በክንፏ ቆመች፣ ተገለበጠች፣ ሞተሯ በሙሉ ኃይል እየጮኸ ወደ መሬት መጣች። ለማስተካከል በሞከርኩ ቁጥር እኔው ራሴ ነበርኩ የምገለብጣት። ከተወረወረች እስክትወድቅ ሦስት አራት ሰከንድ ቢሆን ነው።

የወደቀችው ልጄ ከተቀመጠችበት ምንጣፍ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነው።

ትንሿ አልደነገጠችም። ብርቱካኗን እንደያዘች «ተሰበረች?» አለች። ታላቅየው ግን ቃል አልተነፈሰም። ወደ ቤት እስክንደርስ አልተናገረም። እንዲናገር አልፈለግሁም፤ ቢናገር ምን እንደሚል አውቃለሁና።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስብርባሪውን በሙጫ ጠጋግነን ወደ ክበቡ ተመለስን። ሽማግሌው እንደ መጀመሪያው ቀን «አሳየኝ» አሉኝ። አሳየኋቸው። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር አደረጉ። የራሳቸውን አውሮፕላን አምጥተው ልጄ ፊት አስቀመጡና «አሁን ደግሞ አንተ የእኔን እይልኝ» አሉት። ጉንጩ ቀላ፣ ግን አየላቸው። ቀኝ፣ ግራ፣ ላይ፣ ታች። በኋላ ስንጨዋወት ከ30 ዓመት በላይ የመንገደኞች አውሮፕላን መካኒክ እንደነበሩ ነገሩኝ። ያን ሁሉ ዓመት በሙያው የኖረ ሰው የ13 ዓመት ልጅ እንዲያይለት ይጠይቃል። እኔ የሦስት ወሩ አብራሪ ግን «አታምነኝም እንዴ» ብዬ ልጄን አሳፈርኩት።

ሽማግሌው ይኼን ያመጡት ከሥራቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ በአየር መንገድ ጥገና፣ በስህተት ቢሠራ አውሮፕላኑን ሊጥል የሚችል ሥራ ተለይቶ ይታወቃል፤ እንዲህ ያለውን ሥራ የሠራው ሰው ራሱ መርማሪ ሆኖ ሊፈርምበት አይችልም። ሕግ ነው። ሰውዬው ይዋሻል ተብሎ አይደለም። የሠራ ዓይን ሊያይ ያሰበውን ነው የሚያየው። እኔ ያን ሌሊት «አንዱ ይነሳል ሌላው ይወርዳል» የሚለውን ፈለግሁ፣ እሱኑ አየሁ።

«ይኼ እኮ በመጫወቻ ነው» ለምትሉ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2018 የኤር አስታና አንድ ኢምብራየር 190 አውሮፕላን ሊዝበን አጠገብ ካለችው አልቬርካ ከትልቅ ጥገና ወጥቶ ተነሳ። ውስጡ 6 ሰዎች ነበሩ። እንደተነሳ አልታዘዝ አለ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከአውሮፕላኑ ጋር ሲታገሉ ቆይተው፣ የፖርቱጋል ተዋጊ አውሮፕላኖች አጅበዋቸው፣ በሦስተኛው ሙከራ ቤዣ የሚባል ቦታ አረፉ። እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልሞተም። ምርመራው ሲወጣ ምክንያቱ ምን ነበር? የኤይለሮኖቹ ገመዶች በጥገናው ጊዜ ተገልብጠው ተገጥመዋል። ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ። በጥገናው ቦታ አላዩትም፤ ከመነሳታቸው በፊት በተደረገው ፍተሻም አላዩትም። እኔ እራቴን ትቼ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሠራሁትን ስህተት፣ የሠለጠኑ ሰዎች በእውነተኛ አውሮፕላን ላይ ሠርተውታል።

እንግዲህ ዛሬ እኔና ልጄ ከማብረራችን በፊት የምንተያየውን ልዘርዝርላችሁ። አውሮፕላን ያላችሁ ትጠቀሙበታላችሁ፤ የሌላችሁም ነገሩ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ታያላችሁ።

አንደኛ፣ ሚዛን። የክንፏ ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከፊተኛው ጠርዝ 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ በሁለት ጣት ከሥር ስንደግፋት ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ትክክለኛው ልክ መመሪያዋ ላይ ተጽፏል። ካዘነበለች ባትሪውን ወደፊት ወይም ወደኋላ እናንሸራትታለን። አብራሪዎቹ እንደሚሉት፣ አፍንጫዋ የከበደ አውሮፕላን እየተንገዳገደች ትበራለች፣ ጅራቷ የከበደ ግን የምትበረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስብራት በሙጫ በተጠገነ ቁጥር ሚዛኑ ይለወጣልና እንደገና እንለካለን።

ሁለተኛ፣ አቅጣጫ። ሁልጊዜ ከጀርባዋ ቆመን ነው። ከፊት ለፊቷ የቆመ ሰው ቀኝና ግራው ይምታታበታል። አንዳችን ስቲኩን እናንቀሳቅሳለን፣ ሌላችን ያየነውን በቃል እንናገራለን፤ «ቀኝ ተነሳ፣ ግራ ወረደ»። «እሺ» ወይም «ልክ ነው» ማለት አይቆጠርም። ያየኸውን ነው የምትናገረው።

ሦስተኛ፣ ጋይሮ ያላት ከሆነች። ጋይሮ በነፋስ ስትናወጥ በራሷ እንድትስተካከል የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ስቲኩ ልክ ሆኖ ጋይሮው ሊገለበጥ ይችላል፤ ያኔ ነፋስ ሲገፋት ጋይሮውም ይጨምርላታል። የቀኝ ክንፏን በእጃችን ከፍ እናደርጋለን፤ የቀኙ ኤይለሮን ወደ ላይ መነሳት አለበት፣ ክንፉን መልሶ ለማውረድ ነውና።

አራተኛ፣ ሪሞቱ ቢጠፋስ? ፕሮፔለሯን ፈትተን ሞተሯን በትንሹ እናስነሳና ሪሞቱን እናጠፋዋለን። ሞተሯ ወዲያው መቆም አለበት። ርቀቱን ደግሞ ሪሞቱን በአነስተኛ ኃይል አድርገን 30 እርምጃ ያህል ርቀን እንሞክራለን። ስናስነሳ መጀመሪያ ሪሞቱ ይበራል፣ ከዚያ የአውሮፕላኗ ባትሪ ይሰካል፤ ስንጨርስ ባትሪው ቀድሞ ይነቀላል። ቤት ውስጥ ስንጠግን ፕሮፔለሯ ሁልጊዜ የተፈታች ናት። ጣት ትቆርጣለች።

አምስተኛ፣ ብሎኑ፣ ማጠፊያው፣ ዘንጉ። ሁሉንም በጣት ሳብ ሳብ እያደረግን እንሞክራለን። ጠርዙ የተሸረፈ ፕሮፔለር ይጣላል እንጂ በሙጫ አይጠገንም።

ስድስተኛ፣ ባትሪ። እነዚህ የሊቲየም ባትሪዎች ሲሞሉ በሴል 4.2 ቮልት ይደርሳሉ። ለቀናት የሚቀመጡ ከሆነ 3.8 ገደማ ላይ እንተዋቸዋለን። ያበጠ ባትሪ አይሞላም። ሲሞላም ሰው ትቶት አይተኛም፤ እሳት ያስነሳል።

ይኼ ሁሉ አሥር ደቂቃ ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር ይሉ የለ?

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። እኛ ዘንድ «አሳየኝ» የሚለው ቃል ቁስል አለበት። ታናሽ ታላቁን «አረጋግጠሃል?» ካለው ድፍረት ነው። ሚስት ባሏን «በሩን ቆልፈኸዋል?» ብትለው «ሕፃን መሰልኩሽ?» ይላል። ሠራተኛ አለቃውን ቢጠይቅ ንቀት ነው። ስለዚህ ሁሉም ዝም ይላል። ዝም የሚለው ግን አላየሁም ብሎ አይደለም። ልጄ አይቶ ነበር። ከአፉ ያስመለስኩት እኔ ነኝ።

«ቤተሰብ የሚቆመው በመተማመን ነው፣ ፈረንጅ የሚያመጣውን ሁሉ ማምጣት የለብንም» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ከልቡ ስለሚለው ከልቤ ልመልስለት። ሰውን ማመንና የሰውን የእጅ ሥራ ማየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደግሞስ ይኼ የፈረንጅ ነው ያለው ማነው? ጠጅ የሚያቀርብ አሳላፊ ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ አልነበረም? እንግዳው «አሳየኝ» ሳይለው በፊት እሱ አሳየ። የተሰደበ የለም፤ እንዲያውም ክብር ነበር። የእቁብ ዕጣ የሚወጣው ሰው ሁሉ እያየ ነው። ገንዘብ ስትቀበል «ቁጠረው» የሚልህ ራሱ ሰጪው ነው። አባቶቻችን ያውቁበት ነበር። ሲመቸን ወግ፣ ሲጎረብጠን ንቀት ያደረግነው እኛ ነን።

እዚህ አሜሪካ ያላችሁም በየሥራችሁ ታውቁታላችሁ። ነርስ የሆናችሁ፣ እንደ ኢንሱሊን ያለ አደገኛ መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት ሌላ ነርስ ጠርታችሁ የምታሳዩበት ቦታ ብዙ ነው። ትራክ የምትነዱ፣ ሳትነሱ በፊት ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ መብራቱን ዞራችሁ ታያላችሁ። በሥራ ቦታ ተሰደብኩ የሚል የለም። ቤት ስንገባ ነው ክብራችን የሚነካው።

አንድ ትክክለኛ ተቃውሞ አለ፣ እሱን አልክድም። ፍተሻ ወግ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ክበቡ ውስጥ ስቲኩን እያንቀሳቀሱ ዓይናቸው ሌላ ቦታ የሆነ ሰዎች አይቻለሁ። ወረቀቱ ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ያየ ግን የለም። እንዲህ ያለው ፍተሻ ከምንም አይሻልም፤ የውሸት መተማመን ይሰጣልና። መድኃኒቱ ያየኸውን በቃል መናገርና ተራ መለዋወጥ ነው። ዛሬ እኔ ካሳየሁ ነገ ልጄ ያሳያል። ሁልጊዜ አንዱ ብቻ የሚፈተሽበት ቤት ግን ቁጥጥር ነው፤ እሱንማ እኔም አልወደውም።

አገር ቤት ሆናችሁ «እኛስ?» ለምትሉኝ። ሬዲዮ ያለው በራሪ ነገር ከመግዛታችሁ ወይም ዘመድ ይዞላችሁ ከመምጣቱ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ፤ ኤርፖርት ላይ ከማዘን ይሻላል። ለትምህርቱ ግን ሪሞት አያስፈልግም። ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ ታሽጎ የሚመጣበትን ፎም ቆርጣችሁ ክንፍና ጅራት ሥሩ፣ አፍንጫው ላይ ሳንቲም ለጥፉ፣ በእጅ ወርውሩ። ሳንቲሙ ሲበዛ አፍንጫውን ደፍቶ ይወርዳል፣ ሲያንስ ቀና ብሎ ይቆምና ይወድቃል። ልክ ሲሆን ሜዳውን ያቋርጣል። ልጆቻችሁ ሚዛን ምን እንደሆነ ከሰሌዳ ላይ ካዩት ይልቅ እዚያ ይገባቸዋል። ከመወርወራችሁ በፊት «አሳዪኝ፣ አሳየኝ» ተባባሉ።

ቤቴ ውስጥ የለወጥኩት ልማድ ይኼ ነው። ልጆቼ ማንኛውንም ነገር «አባዬ አሳየኝ» ማለት ይችላሉ፤ እኔም አልቆጣም። የመኪና ቀበቶ ይሁን፣ የጋዝ ምድጃ ይሁን፣ የፈረምኩት ወረቀት ይሁን። መጀመሪያ ሰሞን ከብዶኝ ነበር፤ አሁንም አንዳንዴ ደሜ ይሞቃል። ያኔ ያቺ ምንጣፍ ትመጣብኛለች።

ልጄን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። የጠየቅሁት እዚያው ሜዳ ላይ አይደለም፤ አልቻልኩም ነበር። ከሳምንት በኋላ ከሽማግሌው ጋር ከተገናኘን በኋላ መኪና ውስጥ ነው። «ልክ ነበርክ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «በሚቀጥለው እኔ ላያት» አለኝ። እሺ አልኩት።

እናንተስ? ቤታችሁ ውስጥ «አሳየኝ» የሚባልለት ነገር አለ? የማይባልለትስ? ከታች ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።

ቸር ሰንብቱ።